የቴርቱላ ጉንጭ

ሄዲስቴ ሰውን የምታውቀው በጣቷ ነበር። ሮም ውስጥ፣ የእብነ በረድ ጉማጅ ከሚራገፍበት የቲቤር ወንዝ ወደብ ጀርባ፣ ኑሞንየስ የሚባል ምስል ቀራጭ ግቢ ነበረው። በዚያ ግቢ ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ስንት ፊት በእጇ እንዳለፈ እሷም አታውቅም። ኑሞንየስ ፊቱን ከድንጋዩ ያወጣል። ባሏ ዞሲማስ ጸጉሩን በመሰርሰሪያ እየበሳ ይፈለቅቃል። ከዚያ ምስሉ ወደ እሷ ይመጣል። ሲመጣ ቆዳ የለውም፤ የመሮና የሞረድ ጭረት ብቻ ነው። መጀመሪያ በአሸዋና በውኃ፣ ቀጥሎ ከናክሶስ ደሴት በሚመጣው ጥቁር ዱቄት፣ ቀጥሎ ሴቶች ተረከዛቸውን በሚፈገፍጉበት ቀላል ድንጋይ፣ መጨረሻ ላይ በእርጥብ የበፍታ ጨርቅ ታሸዋለች። አሥር ቀን፣ አሥራ አምስት ቀን። ከዚያ በኋላ ጠዋት በመስኮት የሚገባው ብርሃን ጉንጩ ላይ አርፎ ትንሽ ወደ ውስጥ ሰርጎ እንደሚመለስ ሆኖ ይታያል። በዚያ ዘመን የሀብታሙ ሁሉ ምርጫ ይኸው ነበር፤ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥላ የሞላበት፣ ፊቱ ግን እንደ ተላጠ እንቁላል።

ባሪያ ሆና የተወለደችው እዚያው ግቢ ነው። የኑሞንየስ አባት ሲሞት በኑዛዜው ነፃ አወጣት፤ ዞሲማስንም እንዲሁ። ነፃ ወጡ ማለት ግን ሄዱ ማለት አልነበረም። የሚያውቁት ሥራ ይኸው፣ የሚያውቃቸውም ሰው ይኸው ነበር። ከግቢው ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ አንድ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራዩ። ልጅ ወለዱ፤ ኢያ አሏት።

ፈንጣጣው ከምሥራቅ ጦርነት ከተመለሱት ወታደሮች ጋር ከተማ ሲገባ ኢያ አራት ዓመቷ ነበር። በታመመች በስድስተኛው ቀን ሞተች። በዚያ ሰሞን ሬሳ በጋሪ እየተጫነ ይወጣ ስለነበር የትኛው ጉድጓድ እንደገባች እናቷ አታውቅም፤ እሷ ራሷ ትኩሳት ላይ ነበረች። ዞሲማስን በሽታው ሳይነካው አለፈ። የሽንብራ መረቅ እየጋተ፣ ሲያሳክካት እንዳትቧጭር እጇን በጨርቅ እየጠቀለለ ሃያ ስድስት ቀን አስታመማት። ተነሣች። ግንባሯ፣ ጉንጯ፣ አገጯ ዝናብ እንደ ደበደበው አመድ ተበሳስቶ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ከበር ስትወጣ ሻሿን እስከ ዓይኗ ታወርድ ጀመር፤ እያደር ቤት ውስጥም አታወልቀውም። ዞሲማስም ሲያናግራት እጇን ወይም ትከሻዋን ያይ ነበር። ከጠባሳው ይልቅ የከበዳት ይህ ነው። አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ውኃ ስትቀዳ አንዷ ጎረቤት፣ «እንዴት ነው ነገሩ፣ የድንጋይ ፊት ሁሉ ስታለሰልሺ ለራስሽ የምትሆን ቁንጥር ዱቄት አልተረፈችሽም?» አለቻት። ሌሎቹ ሳቁ። ሄዲስቴም አብራ ሳቀች። እንስራዋን ግን ከግማሽ በላይ ሳትሞላ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈ። በሦስተኛው ዓመት መከር ላይ አፕሮኒያ የምትባል ባልቴት ወደ ግቢው መጣች። ቴርቱላ የምትባል አንዲት ልጇ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በወሊድ ሞታባት፣ ለመቃብሯ ከደረት በላይ ያለ ምስል ልታሠራ ነው የመጣችው። መዳፍ በምታህል ጣውላ ላይ የተሣለች ሥዕል ይዛለች። ሥዕሏ ላይ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለች፤ ክብ ፊት፣ ከንፈሯ ሊስቅ ሲል የተያዘ። ቴርቱላ ከዚያ በኋላ ፈንጣጣ ይዟት እንደ ነበር፣ ተርፋ እንደ ተዳረችም አፕሮኒያ ሳትሸሽግ ለኑሞንየስ ነገረችው። ጨምራም፣ «የምፈልገው ይህን ፊት ነው። ሌላውን አልፈልግም» አለችው።

ኑሞንየስ ጥሩ ድንጋይ መረጠላት፤ ከሉና የድንጋይ ካባ የመጣ፣ ግራጫ መስመር የሌለበት ነጭ። ከሥዕሏ እያየ፣ እናቲቱን እየጠየቀ ፊቱን አወጣው። ዞሲማስ ጸጉሩን እንደ ወቅቱ አበጣጠር ከኋላ ጠቅልሎ ሠራው። ሄዲስቴ ስትረከበው አፕሮኒያ በየአምስት ቀኑ እየመጣች አጠገቧ ዱካ ላይ ትቀመጥ ጀመር። ዓይኗ ሞራ ጀምሮት ደክሟል፤ የምታየው በእጇ ነው። ድንጋዩን ከግንባር እስከ አገጭ በቀስታ ትዳስሰውና፣ «እዚህ ጋ ገና ይሻክራል» ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ይሻክራል። ሄዲስቴ ከሰው ጋር ይህን ያህል ተግባብታ ሠርታ አታውቅም። ሁለቱ ሴቶች ብዙ አያወሩም። አንዲት ቀን ብቻ አፕሮኒያ ልጅ እንዳላት ጠየቀቻት። ሄዲስቴ የለኝም አለች።

ሥራው ሊያልቅ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ወንዶቹ ምሳቸውን ሊበሉ ወጥተው ብቻዋን ሳለች አንድ ወጣት በሩ ላይ ቆመ። ልብሱ ላይ የገመድ ቃጫ ተጣብቋል።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለችው።

«ሚስቴን» አለ። «እዚህ አለች ብለውኝ።»

የቴርቱላ ባል ነበር፤ ሴዳቱስ ይባላል፤ ወደቡ ላይ የጀልባ ገመድ ይሸጣል። ሄዲስቴ እርጥቡን ጨርቅ ከምስሉ ላይ አነሣችለት። ፊት ለፊት ቆሞ አየ። በቀኝ ዞሮ አየ፣ በግራ ዞሮ አየ። እንግዳ ቤት ተሳስቶ እንደ ገባ ሰው ወደ በሩ ተመለከተ።

«ይቺን አላውቃትም» አለ።

ሄዲስቴ እናቲቱ ምስሉን ከሥዕል እንዳሠራችው ልታስረዳው ሞከረች። እሱም ሥዕሉን እንደሚያውቀው፣ በአሥራ አራት ዓመቷ የተሣለ እንደሆነ፣ እሱ ግን ያገባት ከሕመሙ ከተነሣች በኋላ በአሥራ ሰባቷ መሆኑን ነገራት። «ይህን ፊት አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም» አላት። «መቃብሯ ጋ ሄጄ ማንን ላናግር ነው?»

ሴዳቱስ ጣቱን ወደ ራሱ ፊት አነሣ።

«እዚህ፣ ከቅንድቧ በላይ አንዲት አለች፤ ምስር የምታህል። እዚህ ደግሞ ከአፏ ጥግ ሁለት፤ ስትስቅ ገጥመው አንድ ይሆናሉ። ሌላው ሁሉ ይቅር። እነዚህን ሦስቱን ብቻ አድርጊልኝ።» ከዚያ ቀና ብሎ ፊቷን አያት። ስትሠራ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ነበር፤ ልብ አላለችውም። «አንቺ እኮ ታውቂዋለሽ» አላት።

እጇ ወደ ሻሹ ሄደ። ሰውየው ግን ዓይኑን አላሸሸም፣ አላዘነላትምም። የሚያውቀውን ነገር የሚያይ ሰው አስተያየት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያያት ሰው አልነበረም።

«ጌታዬ፣ ድንጋይ ነው» አለችው። «አንዴ ከተበሳ መልሶ አይሞላም።»

«እንዲሞላ አይደለም የምፈልገው።»

አልችልም አለችው። ሥራው የእናቲቱ እንደሆነ፣ አዛዡም ኑሞንየስ እንደሆነ ነግራ ሸኘችው። ለመለመን እንኳ ድምፁን ሳያነሣ ሄደ።

የዚያን ዕለት ምሽት ከዞሲማስ ጋር ምስር በባሮ ሽንኩርት ሲበሉ ነገሩ ከሆዷ አልወጣ አላት። የወጣቱን መምጣት አልነገረችውም። ድንገት፣ «እኔ ብሞት፣ ድንጋይ ላይ የትኛውን ፊቴን ታወጣው ነበር?» አለችው።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«መልስልኝ።»

ዞሲማስ ዳቦውን ወጡ ውስጥ ነከረ፤ አላነሣውም። «የድሮውን ነዋ» አለ። «ሌላ የትኛውን?»

ሄዲስቴ ሳህኖቹን አነሣች። እሱ ቀድሞ ተኛ፤ እሷን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

በማግሥቱ ወንዶቹ ለምሳ እስኪወጡ ጠበቀች። የባሏን ቀጭኗን የመሰርሰሪያ ጫፍ ከሣጥኑ አወጣች። ከቅንድቡ በላይ ያለውን ቦታ በአውራ ጣቷ ፈለገች፤ የራሷ ፊት ላይም እዚያው አካባቢ አንዲት አለች። ጫፏን በሁለት መዳፏ መሐል እያሽከረከረች ቀስ ብላ አስገባቻት። ነጭ ዱቄት ወጣ። አፏን አስጠግታ እፍ አለችው። ከዚያ የአፉን ጥግ ሁለቱን። የጉድጓዶቹን ከንፈር በጥቁሩ ዱቄት አለሰለሰች፤ ውስጣቸውን ሻካራ ተወችው፣ ምክንያቱም የእውነተኛውም ውስጡ ሻካራ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ከፊት ላይ ስታነሣ ኖራ በፊት ላይ አንድ ነገር ስታኖር የመጀመሪያዋ ነበር። ወደ ኋላ ብላ ስታየው ምስሉ የሆነ ሰው ሆኗል። ጨርቁን አለበሰችው። ለማንም አልተናገረችም። ለራሷም፣ አፕሮኒያ እናት ስለሆነች ትወደዋለች፣ ስትዳስሰው ልጇን ታገኛታለች፣ እያለች ነገረች፤ እስከ ማታም አመነችው።

አፕሮኒያ በማግሥቱ መጣች። ዱካው ላይ ተቀምጣ እንደ ልማዷ ከግንባሩ ጀመረች። ሁለት ጣቷ ከቅንድቡ በላይ ሲደርስ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ። ከዚያ እጇ በቀጥታ፣ ሳትፈልግ፣ ወደ አፉ ጥግ ወረደ። ሁለቱን አገኘቻቸው። እጇን አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ማን ነው ይህን ያደረገው?»

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ።»

«ሴዳቱስ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር። ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ።»

አፕሮኒያ አልጮኸችም። ድምፁም የእሷ አይመስልም ነበር። «አርባ ቀን ነው ያስታመምኳት» አለች። «እያንዳንዷ ስትወጣ፣ ስትፈነዳ፣ ስትደርቅ አይቻለሁ። እነዚህን ሦስቱን የማላውቃቸው መስሎሽ ነው? ከእሱ በፊት የማውቃቸው እኔ ነኝ። ያ በሽታ ያልገባበት አንድ ቦታ በዓለም ላይ እንዲኖረኝ ፈለግሁ። አንድ ቦታ። እሱንም እዚህ ድረስ መጥተሽ ወሰድሽብኝ።»

ሄዲስቴ ልጅ እንዳላት ስትጠየቅ የለኝም ብላ ያለፈችው ትዝ አላት። አሁን ኢያን ብታስብ ፊቷ የሚመጣላት እንዴት ነው? ከዚያ ሳምንት በፊት የነበረው፣ ዳቦ ይዛ ደረጃው ላይ የተቀመጠችበት ፊት ነው። ያንን የስድስት ቀን ፊት አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ቢቀርጽላት ምን ታደርገው ነበር? የሚያስፈራት ጥያቄ ሆነባት፤ መልሱን ታውቀዋለችና። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት አፕሮኒያ ከዱካው ተነሥታ በግድግዳው እየተመራች ወደ በሩ ሄዳ ነበር።

ኑሞንየስም አልጮኸባትም። ቢጮህባት ይቀላት ነበር። ምስሉን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ በስንጥር ለካቸው። «የገብስ ፍሬ ያህል ጠልቀዋል» አለ። «ስለዚህ ፊቱ በሙሉ የገብስ ፍሬ ያህል ይወርዳል። የምታወርጂውም አንቺ ነሽ።»

ሃያ ቀን ፈጀባት። ድንጋይ ከአንድ ቦታ ብቻ አይወርድም፤ ግንባሩ ሲወርድ ጉንጩ ተከትሎ መውረድ አለበት፣ ጉንጩ ሲወርድ ከንፈሩ። ጉድጓዶቹ እየሳሱ ሄደው፣ የመርፌ ጫፍ አክለው፣ ጠፉ። ከእነሱ ጋር ግን ሌላም ነገር ጠፋ። የከንፈሩ ዳር ሳሳ፤ ሊስቅ ሲል የነበረው አፍ ዝም ያለ አፍ ሆነ። አፍንጫው ከቀጠኑት ጉንጮች መሐል ረዝሞ ታየ። ቆዳው ግን ሠርታ ከምታውቀው ሁሉ የለሰለሰ ነበር። ሥዕሏ ላይ ያለችውንም፣ ሴዳቱስ ያገባትንም አይመስልም። አፕሮኒያ በመጨረሻው ቀን መጥታ አንድ ጊዜ ብቻ ዳሰሰችው። «ይበቃል፣ ጫኑት» አለች። በዚያው ሰሞን ሴዳቱስ ወደ ግቢው መጥቶ ነበር፤ በሩ ላይ ያለው ሰው አላስገባውም።

ከዚያ በኋላ ኑሞንየስ ሄዲስቴን ፊት አላስነካትም። ወደቡ አጠገብ ባለው ሌላው ግቢው የመታጠቢያ ገንዳና የጠረጴዛ ሰሌዳ እንድታለሰልስ ላካት። ገንዳ ሰፊ ነው፤ በጉልበት ተንበርክከው፣ በሁለት እጅ ነው የሚሠራው። ማታ ወገቧ ቀጥ አይልላትም ነበር።

ዞሲማስ ነገሩን ሁሉ የሰማው ከሠራተኞቹ ነው። ብዙ ቀን ችሎ ቆየና አንድ ምሽት ለምን እንዳደረገችው ጠየቃት። ሄዲስቴ፣ «የድሮውን ፊት አወጣ ነበር ስላልከኝ ነው» አለችው።

ግራ ገባው። «መስማት የምትፈልጊው እሱን መስሎኝ ነው እንጂ!»

«ሦስት ዓመት ሙሉ አላየኸኝም።»

«አንቺ ነሽ የሸፈንሽው። የተሸፈነ ነገር ልገልጥ ነበር? ሳይሽ የምትደነግጪ መሰለኝ፤ ስለዚህ አላየሁም።»

«ደንግጬ ነበር» አለች።

«እና ምን ላድርግ?»

ምን እንደሚያደርግ እሷም አታውቅም ነበር። በዚያ ምሽት የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ዞሲማስ ሲያናግራት ፊቷን ለማየት ይሞክራል፤ መሞከሩ ስለሚታይ እሷን መልሶ ይጨንቃታል። ሻሹን ቤት ውስጥ አንዳንድ ቀን ታወልቃለች፤ አንዳንድ ቀን ይከብዳታል።

የካቲት ላይ የሙታን ቀናት ደረሱ። ሰው ሁሉ በወይን የራሰ ዳቦና ጨው፣ ጥቂት ሐምራዊ አበባም ይዞ ወደየዘመዱ መቃብር ይወጣል። ሄዲስቴ ኢያ የገባችበትን ስለማታውቅ በእነዚያ ቀናት የምትሄድበት ቦታ ኖሯት አያውቅም። በዚያ ዓመት ግን ዳቦውን በጨርቅ ቋጥራ መቃብሮች በተሰለፉበት በኦስቲያ መንገድ ከከተማ ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ ለዞሲማስ ስትነግረው፣ ያባርሩሻል አላት። ያባርሩኝ አለችው።

የቴርቱላን መቃብር እየጠየቀች አገኘችው። አፕሮኒያ የድንጋይ መቀመጫው ላይ ተቀምጣለች። ሴዳቱስ ከመቃብሩ በወዲያኛው በኩል ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆሟል። ምስሉ በመሐላቸው በግድግዳው መስኮት ውስጥ አለ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ሰዓት የመጡ እንጂ አብረው የመጡ አይመስሉም ነበር። ሄዲስቴ ጥቂት ርቃ ቆመች።

«ማን ነው?» አለች አፕሮኒያ።

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ። ሄዲስቴ ነኝ።» ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ዋሽቼዎታለሁ» አለች። «ልጅ ነበረችኝ። ኢያ ትባላለች። በዚያው በሽታ ነው የሞተችው። የት እንዳለች ስለማላውቅ ነው እዚህ የመጣሁት።»

በመንገዱ ጋሪ አለፈ፤ የሆኑ ሰዎች እየዘፈኑ አለፉ። ከዚያ አሮጊቷ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ አንድ ጎን ተጠጋች። ሄዲስቴ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ዳቦዋን ፈትታ ከሌላው ዳቦ ጋር አኖረችው። ስለ ምስሉ የተናገረ አልነበረም፤ ቀና ብሎም ያየው የለም።

«አሁንም ያሳክክሻል?» አለች አፕሮኒያ።

«ሙቀት ሲሆን።»

«እሷን ነፋስ ሲነሣ ነበር። የገብስ ውኃ አፍልቼ አጥባት ነበር፤ እሱ ብቻ ነው የሚያስታግስላት።»

«የዝይ ስብ ነበር» አለ ሴዳቱስ ከወዲያ ማዶ። ከመጣ ጀምሮ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። «የገብሱን ውኃ አትወደውም ነበር። እርስዎን ላለማስቀየም ነው ዝም ያለችው።»

አፕሮኒያ ራሷን ወደ ድምፁ አዞረች። ሄዲስቴ፣ ይኸው ጠብ ተነሣ ብላ እጇን ጭኗ ላይ ጨበጠች።

«የዝይ ስብ?» አለች አሮጊቷ። «ማን ሰጣት?»

«እኔ ነኝ ከገበያ የማመጣላት። ማታ ማታ ራሷ ትቀባዋለች።»

«ይሸታል እኮ።»

«ይሸታል» አለ ሴዳቱስ።

አፕሮኒያ መዳፏን ወደ እሱ ዘረጋች፤ ና ተቀመጥ ማለቷ ነው ወይስ በቃህ ማለቷ፣ ሄዲስቴ ለማወቅ አልቻለችም። እሱም ወዲያው አልመጣም። ቆይቶ ግን ግድግዳውን ለቆ መጣና እግራቸው ሥር ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሄዲስቴ ዳቦውን ለሦስት ቆርሳ አንዱን ለአሮጊቷ እጅ ሰጠች፣ አንዱን ለእሱ። ፀሐይ ወደ ወንዙ እስክታዘነብል ድረስ ሁለቱ ስለ ዝይ ስብና ስለ ገብስ ውኃ ሲከራከሩ ሰማቻቸው።